የአንጎል ምስልና የአንገት ቀዶ ሕክምና፤ ማንን ይጠቅማል?

በዳሪሙ፣ በመቱና በአካባቢው ባሉ ከተሞች ቤተሰቡ በስትሮክ የተመታበት ሰው ሐኪሙን ቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። «ዶክተር፣ አዲስ አበባ ወስደን ኤም አር አይ እናስነሣው?» ይላል። ጥያቄው የፍቅር ጥያቄ ነው፤ አይነቀፍም። ይሁንና ከኋላው ከባድ ወጪ አለ። የተለቀመው ቡና ያለ ዋጋው ይሸጣል፣ በሬ ይሸጣል፣ ከዘመድ ይበደራል። ቤተሰቡ ከሳምንታት በኋላ ፊልሙን በትልቅ ፖስታ ይዞ ይመለሳል። «ምስሉ ምን አሳየ? ከዚያስ በሕክምናው ላይ ምን ተለወጠ?» ብለን ስንጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ የምናገኘው መልስ «ምንም» የሚል ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል። ወደ አንጎል ደም የሚወስደውን የአንገት የደም ሥር በቀዶ ሕክምና በመጥረግ ስትሮክን መከላከል እንደሚቻል የሰሙ ሰዎች «ለአባታችንስ ይሠራለት?» ይላሉ። ሁለቱ ጥያቄዎች የተያያዙ ናቸው። ቀዶ ሕክምናው ለሁሉም ሰው አይጠቅምም፤ የሚጠቅመውን ሰው አስቀድሞ ለመለየትም ምስል ያስፈልጋል። በዚህ ጉዳይ የኔ አቋም አጭር ነው፤ ምስል ዋጋ የሚኖረው ቀጥሎ የሚደረገውን ነገር የሚለውጥ ከሆነ ብቻ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

የአንገት የደም ሥር ምንድን ነው?

ጣትዎን ከጉሮሮዎ ጎን፣ ከመንጋጋዎ በታች ቀስ አድርገው ቢያሳርፉ የሚመታ የደም ሥር ያገኛሉ። ካሮቲድ ይባላል። በግራም በቀኝም አለ፤ ወደ አንጎል ከሚሄደው ደም አብዛኛው በእነዚህ ሁለት የደም ሥሮች ያልፋል። መንጋጋ አካባቢ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ፊትና ወደ ራስ ቆዳ፣ ሌላው ወደ ዓይንና ወደ አንጎል ይሄዳል። ዕድሜ፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራና የደም ቅባት ተደማምረው የስብ ግግር የሚሠሩት በተለይ በዚህ መገንጠያ ላይ ነው።

ግግሩ ጉዳት የሚያደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ከላዩ ላይ ቁራጭ ወይም የረጋ ደም ተነሥቶ ወደ ላይ ይሄድና ትንሿን የአንጎል የደም ሥር ይዘጋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። ሁለተኛው፣ የደም ሥሩ በጣም ይጠብና ለአንጎል የሚደርሰው ደም ያንሳል።

ግግሩ አንዳንድ ጊዜ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። በአንድ ዓይን ላይ መጋረጃ የወረደ ያህል እይታ ይጠፋና ይመለሳል። አፍ ይጣመማል፣ አንድ እጅ ይዝላል፣ ንግግር ይተሳሰራል፤ ከደቂቃዎች ወይም ከጥቂት ሰዓታት በኋላም ሁሉም ይተዋል። ይህ አላፊ ስትሮክ ነው። በአካባቢያችን «ምች ነክቶት ነበር፣ ተወው» ተብሎ ይታለፋል። ሰውየውም በማግስቱ ማሳው ላይ ይገኛል። በእኔ እይታ ከባዱ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሕክምና ከፍተኛ ጥቅም የሚሰጠው ለዚህ በእግሩ ለሚሄድ፣ ለዳነ ለሚመስል ሰው ነው።

ቀዶ ሕክምናው የጠቀመው ማንን ነው?

ቀዶ ሐኪሙ አንገቱን ይከፍትና የደም ሥሩን ለጊዜው ይይዛል፤ ግግሩን ጠርጎ ካወጣ በኋላ መልሶ ይሰፋዋል። ይህ ሕክምና በአሜሪካና በእንግሊዝ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ለብዙ ዓመታት ይሠራ የነበረው ግን ማንን እንደሚጠቅም በትክክል ሳይታወቅ ነው።

ጥያቄውን የመለሰው እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነው የሰሜን አሜሪካ ትልቅ ጥናት ነው። አላፊ ወይም ቀላል ስትሮክ ደርሶባቸው የአንገታቸው የደም ሥር ከ70 በመቶ በላይ የጠበበባቸው ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ውስጥ በሁለት ዓመት ጊዜ ከመቶ 26ቱ በዚያው ጎን ስትሮክ ደረሰባቸው። ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ግን ከመቶ 9ኙ ብቻ ነበሩ። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ስድስት ሰው ቢሠራለት አንድ ስትሮክ ይቀራል ማለት ነው።

ቁጥሩን ገልብጠን እንየው። በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት መቶ ሰዎች 74ቱ በእነዚያ ሁለት ዓመታት በዚያ ጎን ስትሮክ አልደረሰባቸውም። እነዚህ ሰዎች አንገታቸው ቢከፈት ኖሮ አደጋውን እንጂ ጥቅሙን አያገኙም ነበር። አደጋውም ቀላል አይደለም፤ በጥናቱ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ከመቶ ወደ ስድስት የሚጠጉት በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውስጥ ስትሮክ ደርሶባቸዋል ወይም ሞተዋል። ይህም በልምዳቸው በተመረጡ ቀዶ ሐኪሞች እጅ ነው። የደም ሥራቸው ከ50 እስከ 69 በመቶ በጠበበባቸው ላይ ጥቅሙ አነስተኛ ነበር፤ ከ50 በመቶ በታች ለሆኑት ደግሞ ጥቅም አልታየም።

ሌላው ትምህርት ስለ ጊዜ ነው። የጥናቶቹ መረጃ ተሰብስቦ ሲመረመር፣ ቀዶ ሕክምናው ከሁሉም በላይ የጠቀመው ምልክቱ ከታየ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲሠራ ነው። ከዚያ በኋላ ጥቅሙ በፍጥነት ይቀንሳል። ቡና ተሸጦ፣ ገንዘብ ተሰብስቦ፣ ወረፋ ተጠብቆ ሁለት ወር ያለፈበት ሰው ዋናው ዕድል አልፎታል ማለት ነው።

ምንም ምልክት ያልታየባቸው ሰዎችስ? እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ከሦስት ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ በአምስት ዓመት ውስጥ የሚደርሰውን ስትሮክ ከመቶ 12 ወደ 6 ገደማ እንደሚያወርደው አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ግን የደም ቅባት መቀነሻና የግፊት መድኃኒቶች ተሻሽለዋል፤ በመድኃኒት ብቻ የሚታከሙ ሰዎች አደጋም ያኔ ከነበረው ቀንሷል። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና አማካሪ ቡድን ምልክት የሌለውን ሰው አንገት በጅምላ መመርመርን አይመክርም። «ሙሉ ምርመራ» ተብሎ ጤነኛ ሰው አንገቱን በአልትራሳውንድ ቢታይ፣ ከጥቅሙ ይልቅ ጭንቀቱና አላስፈላጊ ቀዶ ሕክምናው ሊያመዝን ይችላል።

ምስል የሚጠቀመውን ሰው አስቀድሞ ይነግረናል?

ስድስት ሰው ተሠርቶ አንዱ የሚጠቀም ከሆነ፣ ያንን አንዱን ብቻ መርጦ መሥራት የሕክምና የቆየ ምኞት ነው። ምስል በዚህ ረገድ ብዙ ረድቶናል። ኤም አር አይ በአንጎል ውስጥ ገና ትኩስ የሆኑ ጥቃቅን የጉዳት ነጠብጣቦችን ያሳያል፤ ግግሩ ቁራጭ እየለቀቀ መሆኑን ይጠቁማል። የአንገቱ ኤም አር አይ ደግሞ በግግሩ ውስጥ ደም ፈስሶ እንደሆነ ይለያል፤ እንዲህ ያለ ግግር አደገኛ ነው። በራስ ቅል ላይ የሚደረግ የዶፕለር ምርመራ ወደ አንጎል የሚያልፉትን ጥቃቅን ቁራጮች እየቆጠረ ይነግረናል። እነዚህ ሁሉ «ይህ ሰው ከሌላው የበለጠ አደጋ ላይ ነው» ለማለት ያስችላሉ።

ነገር ግን «አደጋ ላይ ነው» እና «ቀዶ ሕክምና ይጠቅመዋል» አንድ አይደሉም። ይህን ከሁሉም በተሻለ ያስተማረው የአሜሪካው የካሮቲድ መዘጋት ቀዶ ሕክምና ጥናት ነው። የተሳተፉት የአንገታቸው የደም ሥር ጭራሽ የተዘጋባቸው ሰዎች ነበሩ። የተዘጋውን መጥረግ ስለማይቻል፣ ከራስ ቆዳ የደም ሥር ወስዶ በራስ ቅል በኩል ከአንጎል የደም ሥር ጋር ማገናኘት ታሰበ። ሰዎቹን የመረጡት ፔት በሚባል የላቀ የአንጎል ምስል ነው። ምስሉ የትኛው የአንጎል ክፍል ደም አንሶት ከሚደርሰው ጥቂት ደም ኦክስጅን አሟጦ እየወሰደ እንደሆነ ያሳያል። እንዲህ ያለ ምስል ያላቸው ሰዎች ለስትሮክ ይበልጥ እንደሚጋለጡ በቀደመ ጥናት ታውቆ ነበር። ሐሳቡ አሳማኝ ነበር፤ የተራበውን አንጎል በምስል ለይ፣ ደም አድርስለት፣ ይድናል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ ወጣ። ጥናቱ 195 ሰዎችን ካሳተፈ በኋላ ጥቅም እንደማያሳይ ታውቆ ቀድሞ እንዲቆም ተደርጎ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 21 በመቶ፣ ካልተደረገላቸው 22.7 በመቶ ስትሮክ ወይም ሞት ደረሰባቸው። ልዩነት የለም ማለት ነው። ምክንያቱም ከተሠራላቸው ውስጥ ከመቶ 14 የሚሆኑት በመጀመሪያው ወር በዚያው ጎን ስትሮክ ደረሰባቸው፤ ካልተሠራላቸው ግን ከመቶ 2 ብቻ ናቸው። ምስሉ አልዋሸም፤ አንጎሉ ተርቦ ነበር። የደም ዝውውሩም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ተሻሽሏል። ይሁን እንጂ የቀዶ ሕክምናው ጉዳት ያመጣውን ጥቅም በላው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመና 324 ሰዎችን በሲቲ ስካን የደም ዝውውር ምስል መርጦ ያካተተ የቻይና ጥናትም የዚሁ ቀዶ ሕክምና ግልጽ ጥቅም አላሳየም።

ለሚዛን ያህል፣ ምስል ትክክለኛውን ሰው መርጦ የታደገበትም አለ። ከአንጎል ትልቅ የደም ሥር የረጋ ደምን በቀጭን ቱቦ ስቦ የማውጣት ሕክምና ቀድሞ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ተወስኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ግን ከስድስት ሰዓት በኋላም ቢሆን፣ አንደኛው እስከ 16 ሌላው እስከ 24 ሰዓት ድረስ፣ በምስል የተመረጡ ሕመምተኞች በግልጽ እንደሚጠቀሙ አሳዩ። በአንደኛው ጥናት ከታከሙት ከመቶ 49ኙ ከሦስት ወር በኋላ ራሳቸውን ችለው ይኖሩ ነበር፤ ካልታከሙት ከመቶ 13ቱ ብቻ። እንግዲህ ምስል በራሱ ጥሩ ወይም መጥፎ አይደለም። የሚፈረደው ምስሉን ተከትሎ በሚመጣው ሕክምና ነው።

በእኛ አካባቢ ያለው ስትሮክ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ለእኛ ቅርብ ከሆኑት ጥናቶች አንዱ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የስትሮክ ክፍል በ2009 ዓ.ም የተደረገው ነው። ከተመለከታቸው 116 ሕመምተኞች ግማሽ ያህሉ በአንጎል ውስጥ ደም የፈሰሰባቸው ነበሩ። የሕመምተኞቹ አማካይ ዕድሜ 55 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከአራቱ ሦስቱ የደም ግፊት ነበረባቸው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ግን ከአሥር ስትሮኮች ስምንት ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት የደም ሥር መዘጋት ናቸው።

ይህ ልዩነት ለጉዳያችን ወሳኝ ነው። ደም ለፈሰሰበት ሰው የአንገት ጠረጋ መልስ አይሆንም። ከተዘጋባቸውም መካከል ብዙዎቹ መንስኤያቸው አንገት ላይ አይደለም። በወጣቶች፣ በተለይም በሴቶች ላይ፣ በልጅነት ከያዘ የጉሮሮ ሕመም የተነሣ የልብ በር ተጎድቶ፣ ልብ ሥርዓት አጥቶ እየመታ፣ የረጋ ደም ወደ አንጎል ይልካል። በሌሎች ላይ ለዓመታት ያልታከመ ግፊት በአንጎል ውስጥ ያሉትን ትንንሽ የደም ሥሮች ይጎዳል። በጥቁር ሕዝቦች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም የራስ ቅል ውስጥ የደም ሥሮች ጥበት ከአንገቱ ጥበት አንጻር በብዛት እንደሚገኝ አሳይተዋል። የአንገት ቢላ እዚያ አይደርስም።

ስለዚህ የአንገት ቀዶ ሕክምና ለእኛ አያስፈልግም ማለቴ ነው? አይደለም። የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። ቁጥራቸው ግን ትንሽ ነው፤ እነሱን ማግኘት የሚቻለውም ምርመራው በቅደም ተከተል ከሄደ ነው። «ለገጠር ሰው ያነሰው ይበቃዋል እያልክ ነው» የሚሉኝ ይኖራሉ። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። የገጠሩ ሰው ብር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚወጣ፣ በትክክለኛው ጊዜ ለትክክለኛው ምርመራ ሊወጣ ይገባዋል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ፊት ከተጣመመ፣ አንድ ጎን እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ወይም የአንድ ዓይን እይታ በድንገት ከጠፋ፣ ቢተውም እንኳ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ያስታውሱ። አንድ ትልቅ የአንጎል የደም ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ የአንጎል ሕዋስ እንደሚሞት ይገመታል።

ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ አስፒሪን አይስጡ። አስፒሪን የደም ሥር ለተዘጋበት መድኃኒት ነው፤ ደም ለሚፈስበት ግን ያባብሳል። ሁለቱን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። ለዚህም ነው በስትሮክ ከሚነሡት ምስሎች ሁሉ አስቀድሞ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ሲቲ ስካን የሆነው። የፈሰሰ ደም በሲቲ ላይ ወዲያው ነጭ ሆኖ ይታያል። የደም ሥር መዘጋት ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላይታይ ይችላል፤ «ሲቲው ንጹሕ ነው» ማለት «ስትሮክ የለም» ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ የደም ሥር መዘጋት መሆኑ ከታወቀ ልብ ይመርመር፤ የልብ ምት ይዳመጥ፣ ኢ ሲ ጂ ይነሣ። ምልክቱ ካሮቲድ የሚያዳርሰውን ክፍል የሚመለከት ከሆነና ሕመምተኛው ደህና አድርጎ ካገገመ፣ የአንገት አልትራሳውንድ በዶፕለር ይታዘዝለት። ምርመራው አይጎዳም፣ አንገት አይወጋም፤ የሚያነሣው ባለሙያ የሠለጠነ መሆኑ ግን ወሳኝ ነው። ከ70 በመቶ በላይ ጥበት ከተገኘ ያን ጊዜ ሪፈሩ ሳይውል ሳያድር ይጻፍ። የደም ሥር ቀዶ ሐኪሞቻችን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ነው ያሉት። ከዳሪሙ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመሄድ በእርግጥ የሚያስፈልግ ምክንያት ይህ ነው። ከአልጋ መነሣት ላልቻለ፣ አንድ ጎኑ ሙሉ በሙሉ ለማይሠራ ሕመምተኛ ግን ቀዶ ሕክምናው የሚያድንለት የአንጎል ክፍል ጥቂት ነው፤ ለእሱ ገንዘቡ ለፊዚዮቴራፒ፣ ለመድኃኒትና ለእንክብካቤ ቢውል ይሻላል።

አራተኛ፣ ምስል በታዘዘ ቁጥር ሐኪምዎን ያለ ሃፍረት ይጠይቁ። «ይህ ምስል ምን እንዲያሳየን ነው? ያንን ቢያሳይ ምን እናደርጋለን? ባያሳይስ?» ሦስቱም መልሶች አንድ ዓይነት ከሆኑ ምስሉ ሊቀር ይችላል። ይህ ጥያቄ ሐኪምን መዳፈር አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም ይወደዋል።

አምስተኛ፣ ግፊትዎን ይለኩ። በ2007 ዓ.ም በተደረገው አገር አቀፍ የዳሰሳ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ከመቶ 16 የሚጠጉት ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ ከእነሱም አብዛኞቹ መድኃኒት አይወስዱም ነበር። የተጀመረ የግፊት መድኃኒት «ተሻለኝ» ተብሎ አይቋረጥም፤ የተሻለዎት ስለሚወስዱት ነው። ጨው ይቀንሱ፣ ሲጋራ ያቁሙ። ፔት የተባለው ውድ ምስል ያላተረፈውን ሕይወት ይህ በጤና ጣቢያ የሚለካ ነገር በየቀኑ ያተርፋል።

ከሚመለከታቸው አካላት የሚጠበቀው

ለዜጋው ብቻ መንገር አይበቃም። በየዞኑ ሲቲ ስካን መኖሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሌሊትና በሰንበትም መሥራት አለበት፤ ሲበላሽም ወራት መቆም የለበትም። ፊልሙን የሚያነብ ባለሙያ በሌለበት ምስሉ በኢንተርኔት ተልኮ በዚያው ቀን የሚነበብበት አሠራር መጠናከር አለበት። በአጠቃላይና በሪፈራል ሆስፒታሎች የአንገት ዶፕለር የሚሠሩ ባለሙያዎች ይሠልጥኑ፤ ማሽኑ ለነፍሰ ጡር ምርመራ በብዙ ቦታ አለና ትልቅ ወጪ አይጠይቅም፣ ተገቢው መዳሰሻና ሥልጠና ከተጨመረለት ይበቃል። ጥበት የተገኘበት ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀዶ ሐኪም ጋ የሚደርስበት የተለየ የሪፈር መስመር ይዘርጋ። የግፊትና የደም ቅባት መድኃኒት ደግሞ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በኩል ሳይቆራረጥ ይገኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ለሕመምተኛዎ ማድረግ የሚችሉትን ሁሉ ማድረግ ይፈልጋሉ፤ እኛም ሐኪሞቹ እንዲሁ። «ሁሉንም» ማለት ግን የተገኘውን ምስል ሁሉ ማንሣት ማለት አይደለም። አፉ ተጣሞ ተመለሰልኝ ያለዎትን ሰው ዛሬውኑ ይዘው ይምጡ፤ የሚጠቅመውን ምርመራና ሕክምና በጊዜው ለማድረግ የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።